ኮምፒዩተር ምን ዓይነት ዕቃ ነው? ፊደላችንስ እንዴት ገባበት?

ኮምፒዩተር የሚለውን ስም ያልሰማ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ጉዳይ ሊያስፈጽም ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ የሄደ ገበሬ፣ በጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን መስታወት ያለው ዕቃ አይቶታል። ጸሐፊው ቁልፎቹን ይነካካል፤ ፊደሉ በመስታወቱ ላይ ይወጣል፤ ከጎን ያለው ማተሚያም ወረቀቱን ያወጣል።

ይህን ዕቃ ስናይ ሁለት ዓይነት አስተያየት እንሰማለን። አንዱ፣ «የፈረንጅ ጥበብ ነው፤ ለእኛ ብጤ አልተሠራም» ይልና ይሸሸዋል። ሌላው፣ «ሁሉን ያውቃል፤ አይሳሳትም» ይልና ይፈራዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኮምፒዩተር እንደ ሞፈርና ቀንበር ሰው የሠራው መሣሪያ ነው። ሰው የሠራውን ሌላ ሰው ሊማረው፣ ሊፈታው፣ ሊጠግነው፣ አልፎም ሊለውጠው ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ኮምፒዩተር ከየት እንደመጣ፣ ውስጡ ምን እንዳለና እንዴት እንደሚሠራ እንመለከታለን። የአማርኛ ፊደልም ወደ ኮምፒዩተር የገባው በስንት ድካም እንደሆነ እንነጋገራለን። የውጭ አገር ታሪክ ስንጠቅስ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. ከጥለት የተጀመረ ሥራ

የኮምፒዩተር የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር ሸማኔ አለበት። ይህ ተረት አይደለም። ሸማኔ ጥለት ሲሠራ የትኛው ድር እንደሚነሣ፣ የትኛው እንደሚቀር በልቡ ይይዛል። አንድ ድር ከሳተ ጥለቱ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1804 ጆሴፍ ማሪ ዣካር የተባለ ፈረንሳዊ የቀደሙትን ሰዎች ሥራ አሻሽሎ አንድ መላ አበጀ። ጥለቱን በወፍራም ካርቶን ላይ በቀዳዳ ጻፈው። ቀዳዳ ባለበት በኩል መርፌው ያልፍና ድሩ ይነሣል። ቀዳዳ በሌለበት መርፌው ይቆምና ድሩ ባለበት ይቀራል። ጥለቱን ለመለወጥ ካርቶኑን መለወጥ ብቻ በቂ ሆነ።

ልብ እንበል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተገኘ። ዕቃ በጽሑፍ የተሰጠውን ትእዛዝ ተቀብሎ ሠራ። ትእዛዙም ሁለት ቃል ብቻ ነበረው፤ «ቀዳዳ አለ» እና «ቀዳዳ የለም»።

እ.ኤ.አ. በ1890 አሜሪካኖች ሕዝባቸውን ሲቆጥሩ ኸርማን ሆለሪት የተባለ መሐንዲስ የቀዳዳ ካርቶንን ለቆጠራ አዋለው። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ ኤኒያክ የተባለው በኤሌክትሪክ የሚያሰላ መኪና በይፋ ታየ። አምፖል የሚመስሉ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቱቦዎች ነበሩት። አንድ ሰፊ አዳራሽ ይሞላ ነበር። ቱቦዎቹም ቶሎ ቶሎ ይቃጠሉ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ትራንዚስተር የተባለች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ተሠራች። የቱቦውን ሥራ ትሠራለች፤ እንደ ቱቦው ግን አትግልም፣ አትቃጠልም። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢንቴል የተባለ ድርጅት ከጣት ጥፍር ባነሰች አንዲት ቅንጣት ላይ 2,300 ትራንዚስተር አስቀመጠ። ዛሬ በአንድ ዘመናዊ ስልክ ውስጥ ያለው ትራንዚስተር የሚቆጠረው በቢሊዮን ነው። ያ አዳራሽ ይሞላ የነበረው ዕቃ ኪስ ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ኮምፒዩተርን ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከትልልቅ ድርጅት አውጥተው ወደ ግለሰብ ቤት ያስገቡት እነማን ናቸው? ከሁሉ ቀድመው የተነሡት ዕቃ መፍታትና መግጠም የሚወዱ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 አልቴር የተባለ ኮምፒዩተር በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ብዙዎች የገዙት ሳይገጠም ነው። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሽቦውን በቆርቆሮ እየበየደ ራሱ ይገጥመዋል። መስታወትም የፊደል ቁልፍም አልነበረውም። ፊቱ ላይ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረጉ ትእዛዝ ይሰጡታል። እርሱም በትንንሽ ቀይ መብራቶች ይመልሳል። ሲያዩት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ነገር ግን በእጃቸው የገጠሙት ሰዎች ምሥጢሩን ዐወቁት። የተሻለውን የሠሩትም ከእነርሱ መካከል የወጡ ናቸው።

2. አሠራሩ በጠጠር ሲገለጽ

«ሽቦና ብረት እንዴት ፊደል ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እውነቱን ለመናገር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋትን ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ገበጣ እንደምንጫወት ሆነን መሬት ላይ 8 ጉድጓዶች በአንድ መስመር እንቆፍር።

በስተቀኝ መጨረሻ ያለው ጉድጓድ ዋጋው 1 ይሁን። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው 2፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ መጨረሻ በስተግራ ያለው 128 ይሁን። እያንዳንዱ የፊተኛው እጥፍ ነው። ሕጉ ይህ ነው፤ በአንድ ጉድጓድ ከአንድ ጠጠር በላይ አይገባም። ወይ ጠጠር አለ፣ ወይ የለም።

አሁን 5 ቁጥርን እንጻፍ። በ4 ጉድጓድ አንድ ጠጠር፣ በ1 ጉድጓድ አንድ ጠጠር እናደርጋለን። 4 እና 1 ሲደመር 5 ነው። 20 ብንፈልግስ? በ16 እና በ4 ጉድጓድ ጠጠር እናደርጋለን። ሁሉም ጉድጓዶች ሲሞሉ ድምሩ 255 ይሆናል። ጠጠር ለቅማችሁ ሞክሩት። በንባብ ብቻ ያልገባ ነገር በእጅ ሲሠራ ይገባል።

በኮምፒዩተር ውስጥ ጉድጓድ የሆነው ትራንዚስተር ነው፤ ጠጠር የሆነውም ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ካለ «አንድ» ይባላል፤ ከሌለ «ዜሮ» ይባላል። ዕቃው በዚህ ብቻ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ያወዳድራል። የሚያስደንቀው ዕውቀቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። እኛ አንድ ጠጠር አንሥተን እስክናስቀምጥ ድረስ እርሱ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ያነሣና ያስቀምጣል።

ፈጣን ቢሆንም የራሱ ማስተዋል የለውም። ልጃችንን «በሬውን አምጣ» ስንለው በሩን ይከፍታል፣ ገመዱን ይፈታል፣ እየነዳ ያመጣል። ኮምፒዩተርን «በሬውን አምጣ» ቢሉት ዝም ብሎ ይቆማል። «ተነሣ፣ ወደ በረቱ ሂድ፣ መዝጊያውን ክፈት፣ ገመዱን ፍታ» ተብሎ አንድ በአንድ ሊነገረው ይገባል። «ገመዱን ፍታ» የሚለው ከተረሳ በሬውን ከነግንዱ ሊጎትት ይችላል። እንዲህ አንድ በአንድ የሚጻፈው ትእዛዝ ፕሮግራም ይባላል። ኮምፒዩተር ተሳሳተ ሲባል አንዳንዴ የዕቃው ብልሽት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ትእዛዙን የጻፈው ወይም ቁጥሩን ያስገባው ሰው ስሕተት ነው። ስለዚህ ስማችን ወይም የመሬታችን ስፋት ተሳስቶ ከወጣ «ኮምፒዩተር ነው ያለው» ሲባል ዝም ማለት የለብንም። ይታረም ማለት መብታችን ነው።

3. ውስጡ ሲከፈት

የኮምፒዩተርን ሣጥን ብንፈታ ምን እናገኛለን? ከመፍታታችን በፊት ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ከኤሌክትሪክ ሳይነቀል አይከፈትም። ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪኩን የሚያስገባው ክፍል ውስጡ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ያልተማረ ሰው አይነካውም።

በሣጥኑ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች አራት ናቸው።

አንደኛው ፕሮሰሰር ነው። የሚያሰላውና ትእዛዝ የሚፈጽመው እርሱ ነው። በቤታችን ምሳሌ ወፍጮ ማለት ነው። ያስገቡትን ይፈጫል፤ ያላስገቡትን አይፈጭም። ሲሠራ ስለሚግል ብዙውን ጊዜ ማራገቢያ ይደረግለታል።

ሁለተኛው ማከማቻው ነው። ይህ እንደ ጎተራ ነው። መብራት ቢጠፋም የተከማቸው አይጠፋም።

ሦስተኛው ሚሞሪ ነው። ይህ እንደ ሰፌድ ነው። እህል ስናበጥር ከጎተራው ጥቂት ጥቂት እያወጣን በሰፌድ ላይ እናደርጋለን። ኮምፒዩተርም የሚሠራበትን ጉዳይ ከማከማቻው አውጥቶ ሚሞሪ ላይ ያደርገዋል። መብራት ድንገት ከጠፋ በሰፌዱ ላይ ያለው ይፈስሳል። ጸሐፊው ግማሽ ቀን የጻፈው ደብዳቤ አንዳንዴ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ሰፌድ ላይ እያለ ወደ ጎተራ አልመለሰውም ነበር።

አራተኛው እነዚህን ሁሉ የሚያገናኝ ሰፊ ሰሌዳ ነው። በላዩ እንደ መስኖ ቦይ የተሰመሩ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አሉት። ኤሌክትሪኩ በእነርሱ ይሄዳል። አንዱ ቦይ ከተቆረጠ ከበታቹ ያለው መሬት ውኃ አያገኝም። የጥገና ባለሙያ ሥራም ቦዩ የት ላይ እንደተቆረጠ መፈለግ ነው።

መስታወቱ፣ የፊደል ቁልፉና ማተሚያው ከውጭ የሚገጠሙ ናቸው። በኪሳችን የምንይዘው ስልክም ይህንኑ ሁሉ በትንሹ ይዟል። ስለዚህ ስልክ ያለው ገበሬ ኮምፒዩተር አለው ማለት ነው።

4. አጋፋሪውና ደቦው

ድግስ ያለ አጋፋሪ ምን ይመስላል? እንግዳው በበሩ ይጋፋል። አንዱ ሁለት ጊዜ ይበላል፤ ሌላው ጦሙን ይመለሳል። አጋፋሪ ሲኖር ግን እንግዳው በየተራው ይቀመጣል፤ እንጀራውም ጠላውም በወቅቱ ይደርሰዋል።

በኮምፒዩተር ውስጥም ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውንና ማተሚያውን ይፈልጋሉ። እነርሱን የሚያስተናግድ ዋና ፕሮግራም አለ። ስሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ዕቃው ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው፣ ሲጠፋ መጨረሻ የሚተኛው እርሱ ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ አንድሮይድ የሚባሉት ሁሉ አጋፋሪዎች ናቸው።

ከእነዚህ የሊኑክስ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የፊንላንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለራሱ ኮምፒዩተር የሚሆን አጋፋሪ መጻፍ ጀመረ። ትእዛዙን አልደበቀውም። «እዩት፣ ጉድለቱን ንገሩኝ» ብሎ ለሌሎች አሳየ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች አንዱ አንዱን እያረመ፣ ሌላው የጎደለውን እየጨመረ አሳደጉት። ይህ እኮ እኛ ደቦ የምንለው ነው። አንድ ሰው ብቻውን በወር የማይጨርሰውን አጨዳ ጎረቤት ተሰብስቦ በቀን ይጨርሰዋል። ዛሬ በብዙ ዘመናዊ ስልኮች ላይ ያለው አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው። የዚያ ደቦ ፍሬ እስከ ገጠራችን ደርሷል ማለት ነው።

5. ፊደላችን በሩ ላይ የቆመበት ጊዜ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ከሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሊሰጠው ያስፈልጋል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ለራሳቸው ፊደል የቁጥር ሰንጠረዥ አወጡ። በሰንጠረዡ 128 ቦታ ብቻ ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው። ትልቁና ትንሹ ሲደመር 52 ይሆናል። ቁጥሩና ነጥቡ ተጨምሮም በቂ ነበር።

የእኛ ፊደል ግን 33 ቤት አለው። እያንዳንዱ ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ድምፅ አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ሏ፣ ሟ፣ ቋ የመሳሰሉት፣ አራት ነጥብና የግዕዝ ቁጥሮች ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። በ128 ቦታ አይገባም። ስለዚህ ፊደላችን በሩ ላይ ቆመ። ማንበብና መጻፍ ሳይችል በአውራ ጣቱ ይፈርም የነበረ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ወረቀቱ ስለ እርሱ ይናገራል፤ እርሱ ግን አያውቀውም። ፊደሉ በኮምፒዩተር የማይጻፍ ሕዝብም እንዲሁ ነው። የተማረው እንኳ መሃይም ይሆናል።

ይህን አንቀበልም ያሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት መሐንዲሱ ፍሥሐ አጥላው ኮምፒዩተር አማርኛ እንዲጽፍ ደከሙ። በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላም በዚያው ዘመን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ሠሩ። የከብት ሐኪም የኮምፒዩተር ፊደል መሥራቱ አይግረመን። ችግሩ የነካው ሰው ነው መላ የሚፈልገው። በአገር ቤትም በአዲስ አበባ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር የነበሩ ባለሙያዎች የአማርኛ መጻፊያ አዘጋጁ። ስሙንም «አጋፋሪ» አሉት።

ይሁን እንጂ ሌላ ችግር ተፈጠረ። እያንዳንዱ መጻፊያ ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ «ሀ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ቸ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ይህ እንደ ቁና ነው። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ሲለይ ሻጭና ገዢ መስማማት አይችሉም። አንድ መስፈሪያ ያስፈልጋል።

ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ መስፈሪያ የሚሆን ሰንጠረዥ ተጀምሮ ነበር። ስሙ ዩኒኮድ ይባላል። ፍሥሐ አጥላውን፣ ዳንኤል ያዕቆብንና ሌሎችንም ጨምሮ ብዙ ሰዎች ለዓመታት ከተከራከሩና ከጻፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶቻችን ቁጥር አገኙ። በኋላም ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚጠቀሙባቸው ተጨማሪ ፊደሎች ገብተዋል።

ዛሬ «ሀ» በዓለም ሁሉ ቁጥሩ 4608 ነው። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥላል። ጉድጓዶቹን ወደ 16 ብናበዛቸው 4608ን በሁለት ጠጠር ብቻ እንጽፈዋለን፤ አንዱ በ4096 ጉድጓድ፣ አንዱ በ512 ጉድጓድ። «ጋይንት» ብለን ስንጽፍም ኮምፒዩተሩ የሚይዘው እነዚህን ቁጥሮች ነው፤ 4875፣ 4845፣ 4757፣ 4725። ነፋስ መውጫ የተጻፈው ቃል አዲስ አበባም ሆነ ካናዳ ሲደርስ ያው «ጋይንት» ነው። ካናዳ ያለው ልጅ ለእናቱ በአማርኛ የሚጽፈው፣ እናቱም በስልኳ የምታነበው በዚህ የተነሣ ነው።

«231 ፊደል በጥቂት ቁልፍ እንዴት ይጻፋል?» ብትሉ መላው ቀላል ነው። መጀመሪያ የቤቱን ቁልፍ እንነካለን፤ ለምሳሌ «በ»ን። ከዚያ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያልን የቆጠርነውን ድምፅ እንመርጣለን። «ቡ» ወይም «ቢ» ይወጣል። ሀሁን በቃሉ የቆጠረ ሰው ይህን ለመልመድ አይቸገርም።

6. ስለ ጨዋታ

ብዙ ወጣቶች ኮምፒዩተርን የሚለምዱት በጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የተባለ ሰው ቴትሪስ የተባለውን ጨዋታ ሠራ። ከላይ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ጡቦች ይወርዳሉ። ተጫዋቹ እያዞረ ክፍተት እንዳይኖር ይገጥማቸዋል። ካብ የሚክብ ሰው ድንጋይ አገላብጦ እንደሚገጥም ማለት ነው። እርከን የሠራ ገበሬ ይህን ጨዋታ ቶሎ ይለምደዋል።

በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ አወጣ። አንዲት ዶሮ ከገበሬ እጅ ስታመልጥ የሚያሳይ ነው። የእኛን መንደር ነገር በእኛ ልጆች እጅ ጨዋታ አድርጎ መሥራት እንደሚቻል ያሳያል።

ጨዋታ ጥቅም የለውም ማለት ስሕተት ነው። ጨዋታን በፍጥነት ለማሳየት ተብለው የተሠሩ ቅንጣቶች ዛሬ ለከባድ ስሌትና ለሳይንስ ምርምር ያገለግላሉ። ነገር ግን ጨዋታ ጊዜ ይበላል። ልጁ ከብቱን እህል ውስጥ ለቅቆ ስልክ ላይ ካፈጠጠ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

7. የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች

እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በኦሮሚያ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች ሙከራ አደረገ። በየመንደሩ ለ20 ያህል ልጆች ታብሌት የተባለውን ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር ሰጠ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያልገቡ ነበሩ። አስተማሪ አልተላከላቸውም። ለትልልቆቹ ሰዎች በፀሐይ ኃይል እንዴት ባትሪው እንደሚሞላ ብቻ ተነገራቸው።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ የአንድሮይዱን ክልከላ አለፉት። ካሜራው እንዳይሠራ ተዘግቶ ነበር፤ እነርሱ ግን ከፈቱት። ይህ የሚያሳየው የገጠር ልጅ አእምሮ ከማንም እንደማያንስ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። በታብሌቱ ውስጥ የነበረው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር። ልጆቹ ደግሞ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ዕቃውን ከፈቱት፤ በዕቃው ውስጥ ግን የእናታቸውን ቋንቋ አላገኙም። ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ለመጻፍና ፕሮግራም ለመሥራት ካልተነሣ ማንም አይሠራለትም።

8. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ የእጅ ሥራን መናቅ እናቁም። በአገራችን ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መስደብ የቆየ ልማድ ነው። ማረሻ የሚያስለው፣ ጋቢ የሚያለብሰን ሰው ይሰደባል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ሲያሠሩ የተመኩት በእጅ ባለሙያዎች ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ከዚያ ተነሥቶ እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ኮምፒዩተርም የሸማኔና የብረት ሠራተኛ የልጅ ልጅ ነው። ሽቦ የሚበይድን፣ ሬዲዮና ስልክ ፈትቶ የሚጠግንን ወጣት ብንሰድብ በገዛ ራሳችን ላይ በር እንዘጋለን። ልጅህ ወይም ልጅሽ የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ ብታገኙት አትቆጡት። «ከኤሌክትሪክ ንቀል፤ የፈታኸውን በቅደም ተከተል አስቀምጥ» በሉት። ሴት ልጅም ከዚህ አትከልከል።

ሁለተኛ፣ ስልካችንን ራሳችን እናንብብ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በተባለው አገልግሎት ገንዘብ በስልክ ይላካል። ማንበብ የማይችል ሰው የመጣለትን መልእክት ሌላ ሰው እንዲያነብለት ስልኩንም ምሥጢር ቁጥሩንም ይሰጣል። በሬ የሸጠበት ብር እንዲህ ሊጠፋ ይችላል። ፊደል የቆጠርነው ለደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ለዚህም ነው። ስለዚህ፦

ሀ) ምሥጢር ቁጥራችንን ለወዳጅም ቢሆን አንንገር።

ለ) «ዕጣ ደርሶሃል»፣ «በስሕተት ብር ልኬልሃለሁና መልስልኝ» ብሎ ለሚደውል አንቸኩል። በመጀመሪያ ሒሳባችንን ራሳችን እንይ።

ሐ) ያልገባንን ቃል አይተን «እሺ» የሚለውን ቁልፍ አንንካ። ልንጠይቀው የሚገባን የምናምነውን ሰው ነው፤ እርሱም ያንብብልን እንጂ ስልኩን ይዞ አይሂድ።

ሦስተኛ፣ በስልክ በራሳችን ፊደል እንጻፍ። ለልጃችን፣ ለዘመዳችን አንድ መስመር መልእክት ብንልክ ንባባችን አይጠፋም። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል። ያንን ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ሰዎች ዓመታት ደክመዋል። በሩ ተከፍቷል። የሚቀረው መግባት ነው።

የአዳዲስ ቃላት ትርጉም

ፕሮግራም፦ ለኮምፒዩተር አንድ በአንድ የሚጻፍ ትእዛዝ።
ፕሮሰሰር፦ የሚያሰላውና ትእዛዝ የሚፈጽመው ክፍል።
ሚሞሪ፦ ለጊዜው የሚሠራበትን ነገር የሚይዝ፣ መብራት ሲጠፋ የሚፈስስ ክፍል።
ኦፐሬቲንግ ሲስተም፦ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተናግድ ዋና ፕሮግራም።
ዩኒኮድ፦ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሰንጠረዥ።

ጥያቄዎች

1. የሸማኔ ሥራና የኮምፒዩተር ሥራ በምን ይመሳሰላሉ?
2. በ8 ጉድጓድ 37 ቁጥርን በጠጠር ጻፉ። ስንት ጠጠር ፈጀ?
3. መብራት ድንገት ሲጠፋ የተጻፈ ደብዳቤ ለምን ሊጠፋ ይችላል?
4. የአማርኛ ፊደል በመጀመሪያው የአሜሪካኖች ሰንጠረዥ ያልገባው ለምንድን ነው?
5. በመንደራችሁ ዕቃ የሚጠግን ሰው አለ? ሕዝቡ እንዴት ያየዋል? በቡድን ሆናችሁ ተወያዩበት።